የቦዩን በር ማን ዘጋው?

አቶ ዘርይሁን ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው ውሃ ሲያወጡ ኖረው፣ ጠብታ በሌለበት የድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ሞተው ተገኙ። ቀኑ እሑድ ነበር። በሚኖሩባት የባዕድ አገር ከተማ፣ ላቪንግተን በተባለው ሰፈር ከተደረደሩት አዳዲስ አፓርታማዎች ጀርባ፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው ሸለቆ፣ የአንዱ ሕንፃ ዘበኛ የጠፋ ውሻ ፍለጋ የወፍ ቆሎውን ቁጥቋጦ ሲገላልጥ መጀመሪያ ጫማ አየ፣ ከዚያ ሰውዬውን። የኋላ ጭንቅላታቸውን ድንጋይ መቶታል። ሸሚዛቸው ከደረቱ ላይ ተቀዷል። ፖሊስ «ተንሸራትተው ነው» ብሎ ሊዘጋው ሲል ያገደው ያ ሸሚዝ ነው፤ ተንሸራትቶ የወደቀ ሰው የገዛ ደረቱን አይቀድም።

ከጉድጓዱ ጥቂት ራቅ ብሎ ደግሞ እሾህ ላይ የሴት ሻርፕ ተንጠልጥሎ ተገኘ። የባለቤታቸው የወይዘሮ ርብቃ ነበር።

ርብቃ መጀመሪያ ጉዳዩን ለያዘው የፖሊስ ኢንስፔክተር «ቅዳሜ ከቤት አልወጣሁም» አለች። ሻርፑን ሲያሳያት ቃሏን ለወጠች። ከሁሉ የከፋው ግን ዓርብ ማታ ከባሏ ጋር ያደረገችው ጭቅጭቅ ነው። «አንተና ኤልሳቤት የምትፈልጉትን ድንጋይ እኔ መች አጣሁት!» ብላ ስትጮህ ሕንፃው በሙሉ ሰምቷል። አማርኛ የማያውቅ ጎረቤት እንኳ «ኤልሳቤት» የምትለዋን ስም አጥርቶ ነው ለፖሊስ የነገረው።

ልጃቸው አቢግያ አባቷን ሳትቀብር እናቷንም ልታጣ ነው። ይህ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጭንቀቷ ነበር። ለማንም ያልነገረችው ሌላ ጭንቀት ነበራት፦ እናቷ ልታደርገው እንደምትችል ታምን ነበር። ርብቃ ባሏን ስትወድ ልክ አልነበራትም፤ ስትቀናም እንደዚያው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የአንዷ እህት ሰላምታ የረዘመ እንደሆነ ከኋላ ሆና ትስላለች። የባሏን ኮት ወደ ላውንደሪ ከመላኳ በፊት ታሸታለች። አቢግያ በዚህ ሳል መካከል ነው ያደገችው።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ዌስትላንድስ ሰፈር ሄደች፤ ወደ ወይዘሮ መሠረት ባልቻ ቢሮ።

ወይዘሮ መሠረት በአንድ ወቅት አዲስ አበባ ውስጥ የወንጀል መርማሪ ነበሩ። አሁን ለአንድ የመድን ድርጅት ይሠራሉ፤ ሥራቸው በአደጋ የተቃጠለውን ሱቅ ባለሱቁ ራሱ ካቃጠለው መለየት ነው። ቤተ ክርስቲያን መጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ጸሎት ሲረዝም ያንቀላፋሉ ብለው የሚያሟቸው አሉ፤ ነገር ግን የዛሬ ወር የተሰበከውን ከፓስተሩ በላይ የሚያስታውሱት እርሳቸው ናቸው።

«እትዬ መሠረት፣ ኢንስፔክተሩ ነገ ከሰዓት መጥቶ ማሚን ሊወስዳት ነው» አለች አቢግያ። «ስቴትመንቷን ቀይራለች ብሎ።»

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

«አላደረገችውም እላለሁ።»

«ትያለሽ ወይስ ታምኛለሽ?»

አቢግያ ወደ መስኮቱ ዞረች። ታች መኪናው ሁሉ ተቆላልፎ ቆሟል፤ አንድ ቦዳ፣ ሰው የጫነ ሞተር ብስክሌት፣ ብቻ በመሃል እየተሹለከለከ ያልፋል። ወይዘሮ መሠረት መልሱን አልጠበቁም። በዘይት የተጠበሰውን ማንዳዚያቸውን ቆረሱና ግማሹን ሰጧት።

«ብይ። ባዶ ሆድ አይመሰክርም። ስለ አባትሽ ማኅበር ንገሪኝ።»

ማኅበር መባሉ ለማዕረግ ነው እንጂ ሦስት ሰዎች ናቸው። አቶ ዘርይሁን ከአንድ የዕርዳታ ድርጅት የውሃ መሐንዲስነት ጡረታ ሲወጡ መሠረቱት። ሐብታሙ የአየር መንገድ ቲኬት ቢሮ ሠራተኛና የቤተሰቡ የቅርብ ወዳጅ ነው። ኤልሳቤት በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ካርታ ትሠራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰቡ ከተማዋ የዋጠቻቸውን ሥራዎች ይፈልጋሉ፦ የድሮ ወፍጮ፣ የጡብ ምድጃ፣ የቡና መፈልፈያ፣ የፓምፕ ቤት። የገበያ አዳራሽ የቆመበትን፣ አፓርታማ የተጫነበትን ሁሉ ፈልገው ካርታ ላይ ይመልሱታል።

«ሁለት ሕግ አላቸው» አለች አቢግያ። «አንደኛው፣ ቦታውን ያገኘው ሰው ስም ያወጣለታል። ሁለተኛው ‹እንዳገኘነው እንተወው› ነው። ቅጠል እንኳ ቢያነሱ መልሰው ነው የሚያስቀምጡት። ጋሽ ሐብታሙ አንድ ጊዜ አንዲት ጡብ ለማስታወሻ ይዞ ሲመጣ፣ አባዬ ከመንገድ መልሶታል። ሲሪየስሊ፣ ሁለተኛ ሃይማኖታቸው ነው።»

«አብዛኛውን ያገኘው ማነው?»

«አባዬ። ጥቂቱን እትዬ ኤልሳቤት።»

«ሐብታሙስ?»

አቢግያ አሰበች። «እሱ እንኳን... አንድም።»

ወይዘሮ መሠረት እጃቸውን ጠረጉና ተነሡ።

ሸለቆው ሲደርሱ ወይዘሮ መሠረት ሰው የሞተበትን ቦታ የሚያዩ አይመስሉም ነበር። ሬሳው የተገኘበትን ጉድጓድ አንዴ አይተው ተዉት። ጣሪያው የወደቀውን የፓምፕ ቤት ዞሩና ከላይ የሚመጣውን የድንጋይ ቦይ ተከትለው ወጡ። ቦዩ ከጉድጓዱ አጠገብ ያልፋል፤ በቅርብ የተዛቀ ደለል ዳር ዳሩን ተከምሯል፤ የአቶ ዘርይሁን አካፋ ክምሩ ላይ እንደተተከለ ነው። ከፍ ብሎ፣ በሁለት የተቦረቦሩ ድንጋዮች መካከል የሚወጣና የሚወርድ የዛገ የብረት መዝጊያ አለ። ወርዶ ቦዩን ዘግቶታል። ከላይ የመጣው ውሃ እዚያ ሲደርስ ወደ ጎን ይፈስና ቁጥቋጦው ውስጥ ይጠፋል።

መዝጊያው ሲነሳ እንዳይወርድ የሚይዘው የብረት ካስማ ከጎኑ ድንጋይ ላይ ተጋድሟል። አልተወረወረም፤ በጥንቃቄ ተቀምጧል።

ወይዘሮ መሠረት እየቃተቱ ተንበረከኩ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ወገቤ አይችልም። ይኼን ብረት ጥቂት ከፍ አድርጊልኝ። ከሥሩ ያለው ሣር ምን ይመስላል?»

አቢግያ አጎንብሳ አየች። «ተጨፍልቋል። ግን አረንጓዴ ነው።»

«በይ አውርጂው። ስለዚህ ብረት ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ። ፖሊሶቹ አይተውታል?»

«እነሱ ያዩት ጉድጓዱንና ሻርፑን ነው።»

«ይሁን» አሉ ወይዘሮ መሠረት።

ርብቃ ለቅሶ በተቀመጠችበት ሳሎን ውስጥ ዓይኗ አብጦ ነበር። ወይዘሮ መሠረት አጠገቧ ተቀመጡና የማጽናኛውን ቃል አሳጠሩት።

«ለምን ዋሸሽ?»

«አፍሬ ነዋ!» አለች ርብቃ። «ባሌን እንደ ሌባ ተከትዬ ሄድኩ ልበል? ቅዳሜ ‹ልሠራ ነው› ብሎ ብቻውን ሲወጣ ደሜ ፈላ። ከእሷ ጋር ነው ብዬ ተከተልኩት። ደረስኩ፤ ማንም የለም። ተንበርክኮ ጭቃ ይዝቃል። ውሃው እየወረደ ነው፤ እሱም ብቻውን እንደ ልጅ ይስቃል። ተመልሼ ሮጥኩ። ሻርፑን እሾህ ሲይዘኝ እንኳ አላወቅሁም።»

«ውሃው እየወረደ ነው አልሽኝ?»

«ቦዩን ስሻገር ጫማዬ ራሰ እኮ።»

ወይዘሮ መሠረት ጫማውን አስመጥተው አገላብጠው አዩት። ጭቃው እስከ ማሰሪያው ድረስ ደርቆበታል። አቢግያ ከበሩ ላይ ሆና የእናቷን ፊት ታጠና ነበር። እናቷ እውነት ስትናገርም ስትዋሽም ያው ነው የምታለቅሰው፤ ከፊቷ ላይ ምንም ልታነብ አልቻለችም፤ በዚህም በራሷ ተናደደች።

ኤልሳቤት ቤቷ ብቻዋን ነበረች። ለቅሶ ቤት ለመምጣት አልደፈረችም። ሰው ሁሉ ምን እንደሚል ታውቃለች።

«ቦታውን ያገኘነው ሐሙስ በምሳ ሰዓት ነው፤ እርሳቸውና እኔ» አለች። «ድሮ የቡና መፈልፈያውን ውሃ የሚያጠጣው ያ ቦይ ነበር።» ስልኳን አውጥታ ያነሳችውን ፎቶ አሳየቻቸው። ቦዩ በደለልና በሣር ተደፍኗል፤ የብረቱ መዝጊያ ከፍ ብሎ በካስማው ላይ ተሰቅሏል።

ወይዘሮ መሠረት ፎቶውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አዩት። «ለሐብታሙ ያልነገራችሁት ለምንድን ነው?»

«አቶ ዘርይሁን ቃል አስገቡኝ። ደለሉን ካወጡ በኋላ ራሳቸው ሊነግሩት ነበር።» የቀረውን በሹክሹክታ ነገረቻቸው። አቢግያ አልሰማችውም፤ የወይዘሮ መሠረትን ፊት ግን አየች። ያ የማይደነግጥ ፊት ደነገጠ።

«ነገ እስክጠይቅሽ ይህን ለማንም አትናገሪ» አሏት። «ስለ መዝጊያውም ጭምር። ነገ ደግሞ ለቅሶ ቤት ትመጪያለሽ።»

«ርብቃ ታባርረኛለች።»

«እኔ አጠገብ ትቀመጫለሽ።»

ሐብታሙን መሃል ከተማ ቲኬት ቢሮው ድረስ ሄደው አገኙት። ጥቁር ክራባት አስሯል። አቢግያን ሲያይ አቅፏት አለቀሰ፤ ከልቡ ነበር ያለቀሰው።

«ወንድሜ ነበር» አለ። «ግን ተመልከቱ እህት መሠረት፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ ለእሷ ነገራት። እኔ እሑድ እንደ ማንም ሰው በስልክ ሰማሁ። ሻንጣ የምሸከም እኔ፣ ፎቶ የማነሳ እኔ። የእሱና የእሷ ስም ግን ካርታውን ሞላው።»

«ቦታውን አይተኸዋል?»

«አላየሁም። ሬሳው ሲነሳም አልሄድኩ፤ እስከ ዛሬም እግሬ እሺ አላለኝም።»

«ማኅበሩስ ከእንግዲህ?»

«እኔ እመራዋለሁ» አለ፤ ጥያቄው ሳያልቅ ነበር የመለሰው። ወዲያው አፍሮ መነጽሩን መጥረግ ጀመረ።

ረቡዕ ከሰዓት ሳሎኑ ጸጥ ብሎ ነበር። ወይዘሮ መሠረት ለቀስተኛውን በዘዴ ሸኝተው የቀሩት ርብቃ፣ ኤልሳቤት፣ ሐብታሙና ኢንስፔክተር ሙቱኩ ናቸው። አቢግያ ኢንስፔክተሩ አጠገብ ተቀምጣ ታስተረጉማለች። ርብቃ ወደ ኤልሳቤት አልዞረችም፤ ኤልሳቤትም ከወለሉ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

«አንድ ትንሽ ጉዳይ አለችኝ» አሉ ወይዘሮ መሠረት። «ቤተሰቡ ያ ቦታ በማኅበሩ ሕግ እንዲተው ይፈልጋል። እንዳገኛችሁት። ሐብታሙ፣ ታላቁ አንተ ነህ። ምን እናድርግ?»

«ምንም አይነካ» አለ ሐብታሙ። «መዝጊያው እንደወረደ፣ ቦዩም እንደደረቀ ይተው። እንደዚያ ነው የነበረው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ኤልሳቤት ቀና አለች።

«መዝጊያ እንዳለው ማን ነገረህ?» አሉ ወይዘሮ መሠረት ቀስ ብለው።

«ቦይ... ቦይ ሁሉ መዝጊያ አለው።»

«እሺ፣ ይኑረው። አሁን ታገሡኝና አንድ በአንድ ልሂድ። ርብቃ ባሏን ስታየው ውሃው ይወርድ ነበር። ጫማዋ ምስክር ነው። እሑድ ጠዋት ፖሊስ ሲደርስ ግን ቦዩ ደርቆ ነበር። በመካከሉ አንድ ሰው ካስማውን ነቅሎ መዝጊያውን ጥሏል። ትናንት ከሥሩ ያለው ሣር ገና አልጠወለገም ነበር።»

ኢንስፔክተሩ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለ። አቢግያ ተረጎመችው፦ «ሚስትየዋ ራሷ ዘግታው ቢሆንስ ይላል።»

«ሻርፗን እሾህ ላይ ትታ የሸሸች ሴት ቆማ ካስማ ስታጋድም አትገኝም በይው። ሌባም አይደለም፤ ሌባ ስልክ ይወስዳል እንጂ ውሃ አይዘጋም። ወዳጁ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ሳለ ቦታውን ወደነበረበት ልመልስ የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው? ነገሩ በደሙ የገባ ሰው። ከማኅበሩ ሰዎች አንዱ።»

«ሁለት ነን» አለ ሐብታሙ። ወደ ኤልሳቤት ተመለከተ፤ ያ ዓይን የወዳጅ ዓይን አልነበረም። «እሷም አለች።»

«አለች። ነገር ግን መዝጊያውን የጣለው ሰው ተሳስቷል። ኤልሳቤት፣ ሐሙስ ስታገኙት እንዴት ነበር?»

ኤልሳቤት ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ተነስቶ ነበር። ውሃውን የከለከለው ደለሉ ነው እንጂ መዝጊያው አይደለም። አቶ ዘርይሁን ደለሉን ብቻ ነው ያወጡት።»

«አያችሁ?» አሉ ወይዘሮ መሠረት። «እንዳገኘችው ልመልስ ብትል ኖሮ መዝጊያውን አትነካም ነበር፤ ሟቹም አይነኩትም ነበር። ሁለቱም ያውቃሉ። ‹ቦዩ ደርቆ ከነበረ መዝጊያው ወርዶ ነበር› ብሎ የሚገምተው፣ ቦታውን ውሃ ሲወርድበት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ብቻ ነው። ሕጉን የሚያውቅ፣ የሐሙሱን የማያውቅ። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ነው።»

ወይዘሮ መሠረት ወደ ሐብታሙ ዞሩ።

«ስልክህን ለኢንስፔክተሩ ስጠው። አንተ ያን ቦታ አይተህ ፎቶ ሳታነሳ አትመለስም።»

የሐብታሙ እጅ ሳያስበው የኮቱን ኪስ ሸፈነ። ሁሉም አዩት። እርሱም እንዳዩት አየ፤ ያን ጊዜ እንደተጨማደደ ጨርቅ ወንበሩ ላይ ቀረ።

«ልገድለው አልሄድኩም» አለ። «ልገድለው ዓርብ ጠየቅሁት፤ ሳቀብኝ። ቅዳሜ ተከተልኩት። ውሃው ሲወርድ ሳይ... እንዲህ ያለ ውብ ነገር አይቼ አላውቅም። ከእኔ ደብቆ! ‹ይኼንንም በስምህ ልትጽፈው ነው?› አልኩት። አሁንም ይስቃል። ‹ቆይ፣ ትንሽ ቆይ› ይለኛል። ደረቱን ይዤ ገፋሁት። ከዚያ ወዲያ አልተነሳም። ከዚያ... ቦታውን አስተካከልኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

«ለምን እንደሳቁ ታውቃለህ?» አሉ ወይዘሮ መሠረት። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከበደ። «ኤልሳቤት፣ ንገሪው።»

«ስሙን አንተ እንድታወጣ ነበር የፈለጉት» አለች ኤልሳቤት። «‹ስንት ዘመን ከኋላዬ ተከትሎኝ አንድ ስም አላወጣም። ይኼ ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ የእሱ ይሁን› አሉኝ። ውሃው ሲወርድ ሊጠሩህ ነበር፤ ለዚያ ነው ደለሉን ብቻቸውን ያወጡት።»

ሐብታሙ አልጮኸም፣ አላለቀሰም። ኢንስፔክተሩ ክንዱን ይዞ ሲያስነሳው እንደ በሽተኛ ታዝዞ ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ወደ ርብቃ ሊዞር ሞከረ፤ አልቻለም፤ ወጣ።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ» አሉ ወይዘሮ መሠረት፣ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ። «ሁለት ቅናተኞች በአንድ ቀን በአንድ መንገድ ሄዱ። አንዷ ተመለሰች።» የርብቃን ትከሻ ነክተው ኢንስፔክተሩን ተከተሉ።

አቢግያ እናቷን አቀፈቻት። ርብቃ ጥቂት ከቆየች በኋላ ልጇን ከደረቷ አራቀችና ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች።

«አንቺም ጠርጥረሽኝ ነበር?»

አቢግያ ልትዋሽ ፈለገች። ውሸቱ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። «ማሚ... አይ አም ሶሪ። አዎ።»

ርብቃ ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችም።

«አልፈርድብሽም» አለች። «ተመልሼ የሮጥኩት አፍሬ ብቻ አይደለም። እሷን እዚያ ባገኛት ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ራሴን ፈርቼ ነው የሮጥኩት።»

አቢግያ የእናቷን እጅ ያዘች፣ አጥብቃ ያዘች።

ኤልሳቤት ቦርሳዋን አንሥታ ወደ በሩ እያመራች ነበር። ርብቃ አየቻት። ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ አቢግያ ያን አስተያየት ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለችና ትንፋሿን ያዘች።

«ኤልሳቤት» አለች ርብቃ።

ኤልሳቤት ቆመች።

«ሐሙስ ዕለት ቦታውን ስታገኙት አብረሽው የነበርሽው አንቺ ነሽ። እኔ አልነበርኩም።» ይህን ማለት እንደከበዳት ፊቷ ይናገር ነበር። አጠገቧ ያለውን ወንበር ሳበች። «ነይ ተቀመጪ። ደስ ብሎት ነበር? ምን ምን አለ? ሁሉንም ንገሪኝ።»

ኤልሳቤት ቦርሳዋን መሬት ላይ አኖረችና መጥታ ተቀመጠች።